ባለ ኋላ በር የድመት ወጥመድ፦ የትኛው ይገዛ፣ የትኛው ይቅር

የተጣሉ ድመቶችን ይዞ ለማምከን የሚገዛ ወጥመድ የሚመዘነው ድመቷ ከገባች በኋላ ነው። በሩ ከተዘጋባት ሰዓት ጀምሮ ወደ ነበረችበት እስክትመለስ ድረስ ያ የሽቦ ሳጥን ማመላለሻዋ፣ ማደሪያዋ፣ የማደንዘዣ መርፌ የምትወጋበት ቦታ፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላም ማገገሚያዋ ይሆናል። ድመት መያዝማ ተራ ወጥመድም ይይዛል። ጥሩውና መጥፎው የሚለዩት ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለትና ሦስት ቀናት ነው።

ፍርዱን ከፊት እናስቀምጠው። ርዝመቱ 76 ሳንቲሜትር አካባቢ፣ ወርዱ ከ25 እስከ 30፣ ቁመቱም 30 ሳንቲሜትር ገደማ የሆነ፣ ከፊት በራሱ ክብደት ወርዶ የሚዘጋ በር፣ ከኋላ ደግሞ ወደ ላይ የሚሳብ በር ያለው የሽቦ ወጥመድ ለዚህ ሥራ ይሆናል። ትልልቅ ወንድ ድመቶች ለሚበዙበት ቦታ 91 ሳንቲሜትር የሚረዝመው ይሻላል፤ አጭር ሳጥን ውስጥ የገባ ትልቅ ድመት ጀርባው ላይ በሩ ሊያርፍበትና ወደ ኋላ ሊያፈገፍግ ይችላል። የኋላ በር የሌለውን ወጥመድ ግን፣ የቱንም ያህል ጠንካራና ርካሽ ቢሆን፣ አትግዙት።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ሰው ያልለመደች ድመት ከወጥመድ በእጅ አትወጣም። የፊት በሩ ከተዘጋ በኋላ መቆለፊያውን ለመልቀቅ እጅን ወደ ሽቦው ማስጠጋት፣ ከዚያም በሩን ወደ ውስጥ ገፍቶ ይዞ መቆየት ይጠይቃል፤ የፈራች ድመት ደግሞ የተጠጋትን እጅ ትቧጭራለች፣ ትነክሳለች። የኋላው በር ወደ ላይ ስለሚሳብ ሰውየው ከበላይ ሆኖ ይከፍታል። የሌላ ሳጥን በር ከዚህኛው ጋር ተገጥሞ ሁለቱም ሲሳቡ ድመቷ ማንም ሳይነካት ትሸጋገራለች። ምግብና ውሃ ማስገባት፣ የተበላሸ ጋዜጣ መቀየር፣ በመጨረሻም መልቀቅ በዚሁ በር ነው። ስትገዙ በሩን ከታች በጣታችሁ ገፋ አድርጋችሁ ሞክሩ። መቀርቀሪያ ከሌለው ድመቷም በአፍንጫዋ ከሥር ገፍታ ትከፍተዋለች። እንዲህ ዓይነቱን በሽቦ ወይም በማሰሪያ ማሰር ግድ ነው፤ በመኪና ውስጥ ያመለጠች ድመትን መልሶ መያዝ ለሰውም ለድመትም አደገኛ ነው።

ሽቦውም በደንብ ይታይ። ቀዳዳው 2.5 በ1.25 ሳንቲሜትር የሆነው ጥሩ ነው። ሰፋ ያለ ቀዳዳ መዳፏን አሾልካ እንድታወጣ፣ በጥርሷ ነክሳ እንድትጎትት ያደርጋል፤ የተሰበረ ክራንቻ እና የተነቀለ ጥፍር የሚመጡት ከዚያ ነው። የውስጡን ጠርዝ በመዳፋችሁ ዳብሱት፤ የእናንተን ቆዳ የሚቧጭር የሽቦ ጫፍ የድመቷን አፍንጫ ያደማል። ከመያዣው ሥር የቆርቆሮ መከለያ መኖሩም የቅንጦት ነገር አይደለም። ያለ እሱ ሳጥኑን ያነሳው ሰው ጣቶቹን ለጥፍር አሳልፎ ይሰጣል።

ከታወቁት አምራቾች ቶማሆክ እና ትሩ ካች ለዚሁ ሥራ የሚሆኑ ባለ ኋላ በር ወጥመዶች አሏቸው። በብየዳ ቤት ማሠራትም ይቻላል፣ ከላይ ያሉት ልኮች ከተጠበቁ። በአንጻሩ ለአይጥ፣ ለጥንቸል ወይም ለሌላ አውሬ ተብለው የሚሸጡት ብዙዎቹ ወይ ያጥራሉ፣ ወይ ቀዳዳቸው ይሰፋል፣ ወይ በሩ በኃይለኛ ስፕሪንግ ይወርዳል። በስፕሪንግ የሚወርድ በር ጭራ ይመታል፤ ድምፁም በአካባቢው ያሉትን ድመቶች ሁሉ ይበትናል፣ ከዚያ በኋላ ለቀናት አይጠጉም። በራሱ ክብደት የሚዘጋው ጸጥ ያለ ነው። የሱ ድክመት መቆለፊያው ነው፦ ዝገት ወይም ሣር ከገባበት በሩ ይወርዳል እንጂ አይቆለፍም፣ ድመቷም በመዳፏ አንስታ ትወጣለች። አንዳንዱ ደግሞ ሳጥኑ ሲገለበጥ መቆለፊያው ይለቃል። ስለዚህ ከመጠቀም በፊት መርገጫውን፣ ማለትም ድመቷ ስትረግጠው በሩን የሚያወርደውን ጠፍጣፋ ብረት፣ በዱላ ደጋግሞ እየነኩ በሩ ወርዶ መቆለፉን ማየት፣ በጉዞ ጊዜም የፊቱን በር ጭምር ማሰር ያስፈልጋል።

ወጥመድ ሲከሽፍ ጥፋቱ በአብዛኛው መርገጫው ላይ ነው። መርገጫው አጭር ከሆነ ብልህ ድመት ተራምዳው ምግቡን በልታ ትወጣለች፤ ላዩ ላይ ወደ ፊት የሚረዝም ካርቶን በማሰር ይስተካከላል። ከመጠን በላይ ስስ ሆኖ ከተጠመደ የድመቷ ኋላ ገና ደጅ ሳለ ይዘጋል። ሲጠጥር ደግሞ ክብደቷ አንድ ኪሎ የሆነች ግልገል ብትቆምበትም አይወርድም፤ ያኔ በሩን ከፍቶ የሚይዘውን መንጠቆ ወደ ጫፉ አስጠግቶ ማጥመድ ነው። ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው ጥፋት ግን ወለሉ ላይ የሚነጠፈው ጋዜጣ ነው። ጋዜጣው ለድመቷ መዳፍ ይጠቅማል፣ ሽንቱንም ይመጥጣል፤ ነገር ግን ተጣጥፎ ከመርገጫው ሥር ከገባ መርገጫው መውረጃ ያጣል። ከመርገጫው በፊትና በኋላ ለያይቶ ማንጠፍ፣ ጠርዙንም በማጣበቂያ መያዝ ይገባል። ሳጥኑ የሚቀመጥበት መሬትም ደልዳላ ይሁን። ስትረግጠው የሚወዛወዝ ሳጥን ውስጥ ድመት አትገባም።

ሳጥን ፈጽሞ የማትጠጋ፣ ወይም አንዴ ተይዛ አምልጣ የተማረች ድመት ስትኖር ከላይ የሚወድቅ ወጥመድ መፍትሔ ነው። ይህ ታች ክፍት የሆነ፣ በመረብ ወይም በሽቦ የተሸፈነ ሰፊ ክፈፍ ነው፤ አንድ ጎኑ በዱላ ተደግፎ ይቆማል፣ ዱላው ላይ ረጅም ገመድ ይታሰራል፣ ድመቷ መሐል ገብታ መብላት ስትጀምር ገመዱ ይሳባል። ትልቁ ብልጫው ምርጫውን ለሰው መስጠቱ ነው፦ የመከነችውን ትቶ ያልመከነችውን፣ ግልገሎቹንም ከእናታቸው ጋር በአንድ ጊዜ መያዝ ይቻላል። ቶማሆክ ኔበርሁድ ካትስ ከተባለው የአሜሪካ የድመቶች ረዳት ማኅበር ጋር የሠራው በዚህ ዓይነት የታወቀ ነው። ድክመቱ ሰው መፈለጉ ነው፤ ሁለት ሰው ይጠይቃል። ክፈፉ እንደወደቀ አንዱ ሮጦ ክፈፉን ተጭኖ ይይዛል፣ ሌላው ወዲያው በጨርቅ ይሸፍናል፤ ካልተሸፈነ ድመቷ ከጎን ጎን እየተላተመች ትጎዳለች፣ ቀላል ክፈፍ ከሆነም ታነሳዋለች። ከዚያ በጎኑ ካለው በር በኩል ባለ ኋላ በሩ ሳጥን ተገጥሞ ትሸጋገራለች። ስለዚህ ይህ ወጥመድ ሁለተኛ ግዢ እንጂ የመጀመሪያ አይደለም። መረብ ወርውሮ መያዝ፣ አንገት በሚያንቅ ዘንግ መያዝ ግን በጤነኛ ድመት ላይ አይሞከርም፤ የሁለተኛው ጉዳት የአንገትና የመተንፈሻ ነው።

ከወጥመዱ ጋር አብሮ መገዛት ያለበት አንድ ዕቃ አለ፦ የሹካ ቅርጽ ያለው መለያያ። በሽቦዎቹ መካከል ከላይ ወደ ታች ይሰካና ሳጥኑን ለሁለት ይከፍላል። ድመቷ በአንድ ወገን ተይዛ በሌላኛው ወገን ውሃ ይገባል፣ ጋዜጣ ይቀየራል። ሐኪሙም በእሱ ቀስ ብሎ ወደ ዳር አስጠግቷት በሽቦው መሐል የማደንዘዣውን መርፌ ጡንቻዋ ላይ ይወጋል፤ ማንም አይነከስም፣ እሷም ከሳጥን አትወጣም። ሁለት ሁለት አድርጎ መሰካት ይመረጣል፣ ጠንካራ ድመት አንዱን ብቻ ከሆነ ገፍታ ታልፋለች። ሳጥኑን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን አንሶላ ወይም ስስ ብርድ ልብስም ያስፈልጋል፤ ይህ ከቤት የሚገኝ ነው።

አጠቃቀሙ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቅደም ተከተሉን ነው። መጀመሪያ የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ይያዛል፣ ወጥመድ የሚጠመደው ከዚያ በኋላ ነው። ድመት ይዞ ቀጠሮ መፈለግ እንስሳዋን በጠባብ ሳጥን ውስጥ ለቀናት ማሰቃየት ይሆናል። ቀጠሮው ሲታወቅ ድመቶቹን በአንድ ቦታና በአንድ ሰዓት መመገብ ይጀመራል፤ ሰዓቱን ሲለምዱ በሮቹ ክፍት ሆነው የታሰሩበት ወጥመድ አጠገቡ ይቀመጣል፣ ምግቡም ቀን በቀን ወደ ውስጥ ይገባል። ከመያዙ 24 ሰዓት በፊት ምግብ ይቋረጣል። ውሃ አይቋረጥም። ሌሎች የሚመግቡ ሰዎች ካሉ ቀድሞ ማስማማት ያስፈልጋል፤ የጠገበች ድመት ወጥመድ አትገባም፣ ሥራው የሚበላሸውም በአመዛኙ በዚህ ነው።

ማማለያው ሽታው የሚጠራ ይሁን፦ በዘይት ያለ ቱና፣ ሰርዲን፣ የተጠበሰ ዶሮ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ከመርገጫው ኋላ፣ ከሳጥኑ ጫፍ፣ በካርቶን ቁራጭ ላይ ይበቃል። በቆርቆሮው እንዳለ አይቀመጥ፣ የተቆረጠው ጠርዝ ምላስ ይቆርጣል። ከዘይቱ ጥቂት ጠብታ ከደጅ እስከ መርገጫው ድረስ ማንጠባጠብ መንገድ ያሳያታል። ሳጥኑ ከግድግዳ ወይም ከቁጥቋጦ ጋር ተጠግቶ ይቀመጥ፣ ላዩና ጎኑ በጨርቅ ይሸፈን፣ ሁለቱ ጫፎች ብቻ ክፍት ይሁኑ። አንድ ቡድን ድመቶች ባሉበት ወጥመዶቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ ማጥመድ ነው፤ ጓደኛዋ ስትያዝ ያየች ድመት በማግሥቱ ትጠነቀቃለች። የተጠመደ ወጥመድን ትቶ መሄድ ፈጽሞ አይገባም። ፀሐይ፣ ዝናብ፣ ውሻ ወይም ክፉ ሰው ቀድሞ ሊደርስባት ይችላል። ራቅ ብሎ፣ ግን በዓይን እያዩ መጠበቅ ነው።

በሩ ሲዘጋ ሳጥኑ በሙሉ ወዲያው ይሸፈን፤ የምትላተመው ድመት ጨለማ ሲሆንላት ብዙ ሳትቆይ ትረጋጋለች። በጨርቁ ጠርዝ ሁለት ነገር ይታይ። የግራ ጆሮዋ ጫፍ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ከሆነ ቀድሞ የመከነች ናት፣ እዚያው ትለቀቅ። ጡቶቿ ያበጡና በዙሪያቸው ፀጉር የሌለ ከሆነ ደግሞ የምታጠባ ናት፦ ግልገሎቿ ይፈለጉ፣ ሐኪሙም ይነገረው፤ ብዙም አትቆይ።

ወጥመዱ የሚያደርሰው ክሊኒክ ጋ ነውና፣ ክሊኒኩም በዚሁ ዓይን መገምገም አለበት። መጀመሪያ የሚጠየቀው ድመትን በወጥመድ እንዳለች ይቀበሉ እንደሆነ ነው። በእጅ ካልተያዘች አንሠራም የሚል ክሊኒክ ለቤት ድመት ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ከማደንዘዣው በኋላ ማይክሮቺፕ (ከቆዳ ሥር የሚቀበር የባለቤት መለያ) እንዳላት በማንበቢያ መፈተሽ አለባቸው፤ የተጣለች የመሰለች ድመት ጠፍታ የምትፈለግ ልትሆን ትችላለች። ለሴቷ ማምከን ማለት እንቁል እጢዎቿ መውጣታቸው ነው፣ ከማህፀኗ ጋር ወይም ያለ ማህፀኗ። እንቁል እጢው ከቀረ ድራት አይቆምም፦ ጩኸቱ፣ የወንዶቹ መሰብሰብና ጠቡ ይቀጥላል። በየጊዜው የሚወጋ ወይም የሚዋጥ የወሊድ መከላከያ ሆርሞን እንደ አማራጭ ቢቀርብ አትቀበሉ። የማህፀን መግልና የጡት ዕጢ ያስከትላል፣ አንድ ዙር ከተዘለለም እርግዝናው ይመጣል።

ስፌቱ በራሱ በሚሟሟ ክር፣ ከቆዳው ሥር ተደብቆ የሚሰፋ ይሁን፤ ይህችን ድመት ክር ለማስነቀል ዳግም የሚይዛት የለም። ቆይታው የሚረዝም የሕመም ማስታገሻ ከመንቃቷ በፊት መወጋት አለባት። ፓራሲታሞል ለድመት መርዝ ነው፣ አንድ የሰው እንክብል ሊገድላት ይችላል፤ ይህን የሚያዝ ሰው ካጋጠማችሁ ድመቷን ይዛችሁ ውጡ። በተመሳሳይ ማደንዘዣ ውስጥ ሳለች የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይሰጣታል፣ ዓይኖቿ ክፍት ሆነው ስለሚቆዩ እንዳይደርቁ ቅባት ይደረግላቸዋል፣ የጆሮዋም ጫፍ አንድ ሳንቲሜትር ገደማ ቀጥ ብሎ ይቆረጣል። የጆሮው ነገር ለብዙ ሰው ይከብደዋል። ሆኖም ከሩቅ የሚታይ ሌላ ምልክት የለም፣ ያለ እሱ ያቺው ድመት ዳግም ተይዛ ሆዷ በከንቱ ሊከፈት ይችላል።

ዕድሜን በተመለከተ ቆይ ትደግ የሚል ክሊኒክ ጊዜ ያባክናል። ድመት በአራት ወሯ ልታረግዝ ትችላለች፣ እርግዝናውም ከ63 እስከ 65 ቀን ብቻ ነው፤ ከወለደች በኋላ ገና እያጠባች ዳግም ታረግዛለች። መጀመሪያ አንድ ጊዜ ትውለድ የሚለው ምክርም መሠረት የለውም። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት ከስድስት ወር በፊት የመከኑ ድመቶች የጡት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው በ91 በመቶ ቀንሶ አግኝቷል። ልምድ ያለው ሐኪም ሁለት ወር ሞልቷት አንድ ኪሎ የደረሰችን ግልገል ያመክናል። ጾሙ ግን ይለያል፦ ለትልቅ ድመት ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ምግብ ይከለከላል፣ ለግልገል ግን ከቀዶ ሕክምናው በፊት ላሉት ከሁለት እስከ አራት ሰዓታት ብቻ። ግልገልን ሌሊቱን ሙሉ ማስራብ ስኳሯን አውርዶ ሊገድላት ይችላል። ወንዱም ከተኮላሸ በኋላ ለተወሰኑ ሳምንታት ማስረገዝ ስለሚችል ሴቶቹ ሳይመክኑ እሱን ብቻ ማስኮላሸት ወዲያው ለውጥ አያመጣም። በጊዜ ሂደት ግን ጠቡና በየግድግዳው የሚረጨው ሽንት ይቀንሳል፤ በንክሻ የሚተላለፈው የድመት የበሽታ መከላከል አዳካሚ ቫይረስም አብሮ ይቀንሳል።

ማገገሚያው ላይ ወጥመዱ የመጨረሻ ፈተናውን ይፈተናል። ድመቷ ወደ ሳጥኑ የምትመለሰው ወለሉ በአዲስ ጋዜጣ ከተነጠፈ በኋላ ነው። የሚለጠፍ ነገር ወይም ክሩ የሚተረተር ፎጣ አይግባ። ማደንዘዣ ውስጥ ያለ አካል ሙቀቱን መጠበቅ አይችልም፤ ጤነኛ ድመት ከ38.1 እስከ 39.2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አላት፣ ብርድ ያለበት ክፍል ውስጥ ይህ በፍጥነት ይወርዳል። ሳጥኑ ከባዶ መሬት ከፍ ብሎ፣ ነፋስ በማይገባበት ሞቃት ክፍል፣ ተሸፍኖ ይቀመጥ። የሞቀ ውሃ ጠርሙስ ከሳጥኑ ውጭ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይጠጋ። ጭንቅላቷን ቀጥ አድርጋ እስክትይዝ ድረስ ምግብም ውሃም አይሰጣትም፤ ትውከት ወደ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል። ግልገሎች ግን እንደነቁ ጥቂት ይቅመሱ። ወንድ ከ24 ሰዓት፣ ሴት ከ48 ሰዓት በኋላ ትለቀቃለች፣ የምታጠባዋ ግን በደንብ ከነቃች በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ግልገሎቿ ትመለስ። የማያቋርጥ ደም፣ የነጣ ድድ፣ ከባድ አተነፋፈስ ወይም በማግሥቱም አልነቃ ማለት ከታየ ወደ ሐኪም መመለስ እንጂ መጠበቅ የለም። ጥቂት ጠብታ ደም ያለበት ሽንት ከቀዶ ሕክምናው ማግሥት ያስደነግጣል፣ ግን ብዙ ጊዜ በራሱ ይቆማል። የሚለቀቁትም ከተያዙበት ቦታ ነው። ሌላ ሰፈር መጣል ምግቧንና መሸሸጊያዋን መቀማት ነው።

ይህ ወጥመድ የማያስፈልጋቸውም አሉ። ሰው ስታይ ጭራዋን ቀጥ አድርጋ የምትመጣ፣ እግር ላይ የምትተሻሽ ድመት በቅርቡ የተጣለች ወይም የጠፋች የቤት ድመት ናት፤ ለእሷ ከላይ የሚከፈት የፕላስቲክ ማጓጓዣ ሳጥን ይበቃል፣ ከመከነችም በኋላ የሚያስፈልጋት ቤት እንጂ ጎዳና አይደለም። ዕድሜያቸው ከስምንት ሳምንት በታች የሆኑ ግልገሎችም ሰውን ለመልመድ ገና ጊዜ አላቸውና ለማሳደግ ይያዙ። በዓመት አንድ ወይም ሁለት ድመት ብቻ ለማምከን ላሰበ ሰውም ከክሊኒክ ወይም ከእንስሳት ረዳት ማኅበር መዋስ ይሻላል። ሰው ከተነከሰ ቁስሉ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ታጥቦ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይኬዳል።

የተዋሰም የተገዛም ከእያንዳንዷ ድመት በኋላ ይታጠባል። ቆሻሻው በሳሙና ከወጣ በኋላ በአንድ ሊትር ውሃ 30 ሚሊ ሊትር በረኪና ተበጥብጦ ሽቦው ላይ 10 ደቂቃ ይቆያል፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይደርቃል። ውሃ ውስጥ ሲገባ ወተት የሚመስለው፣ ፌኖል ያለበት ማጽጃ ለድመት መርዝ ስለሆነ አይነካውም። በረኪና ሽቦውን ቶሎ ያዝገዋል፤ የመቆለፊያውንና የመርገጫውን መገጣጠሚያ በሚበላ ዘይት ጠብታ ማለስለስ ዕድሜውን ያራዝመዋል።